ካርቶን የሸፈነው ግማሽ

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ" እያለች ያሳደገችኝ እናቴ ናት፤ ምን ላድርግ?

በጨርቅ ማተሚያው ፋብሪካ ሥራዬ ቀለም ፀሐይ መቻል አለመቻሉን መፈተን ነው። ከታተመው ጨርቅ ቁራጭ ወስጄ ግማሹን በካርቶን እሸፍንና አንድ ወር መስኮት ላይ እሰቅለዋለሁ። መቼም ፈጽሞ የማይለቅ ቀለም የለም። ወሩ ሲሞላ ካርቶኑ ይነሳና፣ በተሸፈነውና በተገለጠው መካከል ባለው መስመር ግራና ቀኝ ምን ያህል እንደለቀቀ ይለካል።

ቀለሙን የሚቀምመው የታላቅ እህቴ ባል ነው። ያለፈው ዓመት መጋረጃ ላይ ያተምነው ቀይ አበባ ገርጥቶ ስላዋረደን፣ አለቃችን "ይኼኛውም ከለቀቀ ሥራህን ልቀቅ" ብሎ ቁርጡን ነግሮታል። ሦስት ልጆች አሉት። ስለዚህ መስኮቴ አጠገብ ሲያንዣብብ ሳየው ጠረጠርኩ። ቁራጩን በአዲስ ሊቀይረው ነዋ!

"ጋሼ፣ ምን ፈልገህ ነው?"

"ኧረ ምንም። እንዴት ሆነ ብዬ ነው" አለና እጁን ኪሱ ከተተ።

ምንም ያልፈለገ ሰው እጁን ምን አስደበቀው? ከካርቶኑ ሥር፣ ጨርቁ ጠርዝ ላይ፣ ለምልክት የሰፋኋት ክር ነበረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ካርቶኑን ገለጥ አድርጌ አያትና ሰው ሳይመጣ ቶሎ እመልሰዋለሁ። ክሯ አለች። ግን አስመስሎ ሰፍቷት ቢሆንስ? እንቅልፍ አጣሁ።

ወሩ ሲሞላ አለቃችን ሁለታችንን ጠርቶ ካርቶኑን ራሱ አነሳው። መስመር የለም። ቀዩ ከደማቁ ወደ ፈዛዛው እንደ ደረጃ በስሱ ይወርዳል።

"ይኼ ካርቶን በየቀኑ ሲነሳና ቦታው ሳይገጥም ሲመለስ ነው የከረመው" አለ። "እንዲህ ሆኖ አይለካም። ፈተናውን የሚያበላሸው ደግሞ የሚፈራው ሰው ነው።" ወደ እህቴ ባል ዞረ። "ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ።"

እሱ በቀለም የጨቀየ እጁን እያየ ቆመ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። እህቴና ልጆቿ ፊቴ ድቅን አሉ።

"እኔ ነኝ ያነሳሁት" አልኩ።

"አንቺ? ለምን ብለሽ?"

"ጨርቁ እንዳይቀየር ብዬ።"

"ማን ነው የሚቀይረው?"

ዓይኔ ሳላስበው ወደ እህቴ ባል ሄደ። እሱም ቀና ብሎ አየኝ።

"እኔ" አለው አለቃችንን፣ ቀስ ብሎ።