መቅድም ማይኩን ሲይዝ

አለቃችንን ቢሮ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ በሌለበት መቅድም ነው የምንለው። ሰውዬው ሲናገር ከመግቢያ አልፎ አያውቅማ! የጥናቱ አመጣጥ፣ የጥናቱ አስፈላጊነት፣ ለእከሌ ምስጋና፣ ለእከሊት ምስጋና፤ ውጤቱ ጋ ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቃል። ስንስቅበት ኖረናል። ያን ቀን ግን ሳቄ ደርቆ ቀረ።

ጥናቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሽመና ክፍል ገብቼ ጫጫታውን ለካሁ፣ የሠራተኞቹን ጆሮ አንድ በአንድ መረመርኩ። ታላቅ እህቴ የምትሠራው እዚያው ነው፤ ወላጆቻችን ከሞቱ ወዲህ እናትም አባትም ሆና ያሳደገችኝ እሷ ናት። እሷንም መረመርኳት። ከዚያ ወዲህ ቤት ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ "የኔስ?" ትለኛለች። እኔን ደግሞ የመሥሪያ ቤታችን ደንብ ጠፍሮኛል፤ ውጤት በይፋ እስኪቀርብ ድረስ ለማንም አይነገርም። ለገዛ እህቴም! ቆይ እትዬ፣ በስብሰባው ይነገርሻል እላታለሁ። እያወቅሁ እንዲህ ማለት እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

ስብሰባው ደግሞ ተራ ስብሰባ አልነበረም። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ የሥራ ፈረቃው እንዲረዝም ይፈልጋል፤ ሠራተኞቹ የኛን ጥናት ሰምተው እዚያው እጅ በማውጣት ሊወስኑ ነው። ጥናቱ የሚለው አጭር ነው፤ በዚያ ክፍል ብዙ የቆየ ሰው ጆሮው እየጠፋ ነው፣ ፈረቃው ከረዘመ የተረፈውም ይሄዳል። በቃ። ይሄን ለመናገር ምን መቅድም ያስፈልጋል?

አስቀድሜ ለምኜዋለሁ እኮ። ዶክተር፣ ውጤቱን መጀመሪያ ላይ ይበሉት፣ ፊትዎንም ወደ ሰዎቹ ያድርጉ፣ የሽመና ክፍል ሰው ከንፈር እያየ ነው የሚያወራው አልኩት። ማሽኑ ሲንጫጫ ድምፅ ስለማይሰማ በባዶ አፍ ነው የሚያወጉት፤ ቃሉን በከንፈራቸው አጉልተው እየቀረጹ። ሐሜቱም ቀልዱም በዚያው ነው። እህቴ ቤትም እንደዚያው ስለምታወራ እኔም ከልጅነቴ ለምጄዋለሁ። መቅድም ግን መነጽሩን እየወለወለ፣ ሳይንስ እንደ ሳሙና ማስታወቂያ አይቀርብም አለኝ። የኔ ድርሻ ስላይድ መቀየር ብቻ እንደሆነም አስታወሰኝ።

ቀኑ ደረሰ። በፋብሪካው ምግብ አዳራሽ ጠረጴዛዎቹ ጥግ ላይ ተከምረዋል፤ ሠራተኞቹ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ፣ ፀጉራቸው ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳረፈ ተቀምጠዋል። ፊት ፊት ላይ ሥራ አስኪያጁና የፋብሪካው ቢሮ ሰዎች አሉ። መቅድም ተነሳ፣ ጀርባውን ለሰው ሰጠ፣ ማይኩን አፉ ላይ ለጠፈና ስክሪኑን ማንበብ ጀመረ። ጉድ እኮ ነው! ጆሯቸው እየጠፋባቸው ላሉ ሰዎች፣ ስለ ጆሯቸው፣ ማጅራቱን እያሳየ ያነብላቸዋል። ስላይዱም ቢሆን ፊደሉ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል፤ እኔ እንኳ አጠገቡ ቆሜ ዓይኔን አጨናብሼ ነው የማየው። እህቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንገቷን እያሰገገች ከንፈሩን ትፈልጋለች። አንዴ ውሃ ሊጠጣ ዞር ሲል ሁሉም ቀና አሉ፤ ጠጣና ተመልሶ ዞረ። ደሜ ፈላ።

የፋብሪካን ታሪክ ከጥንት ጀምሮ አወራ። ድምፅ ምን እንደሆነ አወራ። ምስጋናው መሃል ላይ ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየት ሲያደርግ፣ መቅድም እንደ ልማዱ ደነገጠና "ውጤቱን በተመለከተ፣ ዝርዝሩ በሪፖርቱ ላይ አለ" ብሎ ዘጋው። ተጨበጨበለት! ከፊት ስላጨበጨቡ ከኋላም አጨበጨቡ። ሥራ አስኪያጁ ባለሙያዎቹን አመሰገነና፣ ጥናቱ ከቀረበ እንግዲህ ወደ ውሳኔው እንለፍ አለ።

ንድድ አለኝ። ወጥቼ መሃል ላይ ቆምኩ። መቅድም በጥርሱ መሃል ተመለሺ አለኝ፤ ሰው ሲያየው ጊዜ ግን ፈገግ ብሎ ማይኩን አቀበለኝ። ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ፊቴን ወደ ሠራተኞቹ አዙሬ፣ ያለ ድምፅ፣ በከንፈሬ ብቻ ነገርኳቸው።

"ጆሯችሁ እየጠፋ ነው። የሚያጠፋው የማሽኑ ጩኸት ነው። ፈረቃው ከረዘመ የተረፈውም ይሄዳል። ጥናቱ ይኸው ነው፤ ውሳኔው የናንተ ነው።"

ፊት ያሉት ምንም አልሰሙም። ሥራ አስኪያጁ ማይኩ ተበላሸ እንዴ ብሎ ጠየቀ፤ አንዱ የቢሮ ሰው ሮጦ መጥቶ በመዳፉ ይመታው ጀመር። ከኋላ ያለው ሰው ግን ከንፈሬን ያያል። ያኔ እህቴ ተነሳች። እሷም በባዶ አፍ ነው የጠየቀችኝ።

"የኔስ?"

ደንብ የለ፣ ምን የለ። ከዚያ በላይ ማስጠበቅ ግፍ ነው።

"የግራው ሄዷል፣ እትዬ። የቀኙ ገና አለ።"

ተቀመጠች። ሥራ አስኪያጁ ማይኩን ተወውና፣ ወደ ሠራተኞቹ ዞሮ፣ የራሱን እጅ ከፍ አድርጎ እያሳየ፣ ፈረቃው እንዲረዝም የሚደግፍ እጁን ያውጣ አለ። እጅ ማስወጣት ሲሆንማ መዞሩንም ማሳየቱንም ያውቁበታል!

እህቴ እጇን አነሳች። እጇ ግን ወደ ላይ አልወጣም፤ ቀኝ ጆሮዋ ላይ ሲደርስ ቆመና በመዳፏ ሸፈነችው። አጠገቧ ያለችው እንደዚያው አደረገች። ከዚያ ረድፉ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ከጆሮ በላይ የወጣ አንድም እጅ አልነበረም።

መቅድም ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቀኝ።

"ዝርዝሩ በሪፖርቱ ላይ አለ" አልኩት።