ዝም ያለው በርሜል

ከትናንት ወዲያ ዳግማዊት ከፍላቂት ስትደውል፣ ላሊበላ ቤቷን የሚጠብቁላት አክስቷ እትዬ ይማርሽ ስልኩን ያነሡት በስንት መከራ ነበር።

«መብራት አለ? በርሜሉስ?»

«መብራቱስ አለ። በርሜሉ ግን እንዳኮረፈ ነው፤ ትንፍሽ አላለም። አይዞሽ፣ እኔ አለሁ።»

መስመሩ ተቋረጠ፤ ከዚያ ወዲያ ስልክ አልገባ አለ። አሁን ወደ ላሊበላ በሚወስዳት ሚኒባስ ውስጥ «እኔ አለሁ» የምትለዋ ቃል ታሰጋታለች። እትዬ ይማርሽ በጠላቸው የታወቁ ናቸው፤ እጃቸው ሥራ ካልያዘ ያመዋል።

በርሜሉ ውስጥ ያለችው እርሾ ዘይት የምታጠራቅም ናት። ዳግማዊት የምትሠራበት ሆቴል ሥራ ሲቀዘቅዝ ከበሰበሰ በለስ ላይ አግኝታ እንደ ልጅ ያሳደገቻት፣ ሌላ ቦታ የማትገኝ እርሾ። ተጣርቶ እሳት ላይ የፈላ አተላ ትበላለች፤ በመብራት የሚዞር ማማሰያ አየር ያስገባላታል። እንደ ጠላ እርሾ አትንተከተክም፤ ዝም ብላ ትሰባለች። ነገ፣ ፍላቂት ሄዳ ያነጋገረቻቸው ሳሙና ሠሪዎች ዘይቷን ሊያዩ ይመጣሉ። ስለ ምግቧና ስለ ማማሰያው ለአክስቷ ነግራቸዋለች፤ የእርሾዋ ዝምታ ጤና መሆኑን ብቻ ሳትነግራቸው ሄደች።

ግቢ ስትገባ የጌሾ ሽታ ተቀበላት። በርሜሉ አረፋ ደፍቶ ይንተከተካል።

«አየሽ!» አሉ እትዬ ይማርሽ፣ ፊታቸው በርቶ። «ሞቶብሽ ነበር እኮ! የደወልሽ ዕለት ከጥንስሴ አንድ ጣሳ ጨመርሁለት፤ ይኸው ነፍስ ዘራ።»

ዳግማዊት አጎንብሳ አረፋውን አሸተተች። የጠላው እርሾ የሷን ውጦ ጨርሷል፤ ከዚህ በርሜል ዘይት አይወጣም። ቢሆንም ዘሩ አለ፣ አለች ለራሷ፤ የበርሜሉ እርሾ የተዘራችባት እናትየዋ መደርደሪያው ላይ ጠርሙስ ውስጥ አለች። ሮጣ ገባች። ጠርሙሱ ተደፍቶ ያብለጨልጫል። አነሣችው፤ ወይራ ወይራ ሸተታት።

«እሱንማ በግራዋ አሽቼ፣ በወይራ አጥኜ አስቀመጥሁልሽ» አሉ ከኋላዋ። «ዝቃጭ ይዞ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ያሳፍራል።»

«ዝቃጩን የት ደፉት?»

«ከጓሮ፣ ከአጥሩ ሥር። ምነው ልጄ?»

መቆጣት ፈልጋ ነበር፤ ያን ደስ ያለው ፊት አይታ አልቻለችም። ከዘሩ ጥቂት ተርፎ እንደሆነ ብላ ብርጭቆና ማንኪያ ይዛ ከአጥሩ ሥር ተንበረከከች። ዶሮዎቹ ቀድመዋት ጭረውታል። እርጥብ የመሰላትን አፈር ሁሉ እያለቀሰች ትዝቅ ጀመር።

እትዬ ይማርሽ ነጠላቸውን ሰብስበው አጠገቧ ተንበረከኩ፤ አፈሩን በጣታቸው ይፈለፍሉ ገቡ።

«ምንድን ነው የጣልሁብሽ?» አሉ፤ አሁን የእሳቸውም ድምፅ ፈርቷል። «ንገሪኝ እንጂ፤ መልኩን ሳላውቀው እንዴት እፈልገዋለሁ?»