የመብሩካ ሦስት ጉንጉን

«ዛሬም አልወረደም» አለች ኤልሳቤት በሬሐና ጆሮ ሥር።

ሬሐና ምኑ ብላ አልጠየቀችም። ከእናቷ መኝታ ቤት በር ጀርባ ሰማያዊ ሳፋ አለ፤ በሳፋው ውስጥ የእንዶድ አረፋ። የተመታው ሐሙስ ነው፤ ዛሬ ቅዳሜ። አረፋ የሚባል ነገር ዕድሜው አንድ ሰዓት ነው። ይሄኛው ግን እንደ ተነደፈ ጥጥ ከሳፋው አፍ በላይ ተቆልሎ ሁለት ሌሊት አድሯል። ጠጋ ብሎ ላዳመጠው ደግሞ ሽ… ይላል፤ የተኛ ሰው እንዳይነቃ የሚጠነቀቅ ይመስል።

«ድፊው እንጂ!» አለቻት።

«እኔ? እንኳን ልደፋው፣ በእሱ በኩል አላልፍም። ራስሽ የበጠበጥሽው ነው፣ ራስሽ ድፊው።»

ኤልሳቤት የግቢው ተከራይ ናት፤ አበባ እርሻ ትሠራለች። ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ የሬሐናን እናት መብሩካን አልጋዋ ላይ ሞታ ያገኘቻት እሷ ነች። እስከ አፍንጫዋ በነጭ ሻሽ ተሸፍና፣ ፀጉሯ ታጥቦ፣ ተጎንጉኖ፣ እርጥበቱ ገና ትራሱ ላይ። መብሩካ ጠዋት «ዛሬ ሬሐና መጥታ ታጥበኛለች» ብላት ስለነበር ለከድሩ ደውላ «እህትህ አጥባት እንደሄደች አርፋለች» አለችው። ከድሩ ለአክስቱ ነገራት። ለአክስታቸው የተነገረ ነገር ደግሞ ከሰበታ ቡራዩ ለመድረስ ታክሲ አይጠብቅም።

ሬሐና ግን ሐሙስ ሰበታ አልነበረችም። ሱሉልታ፣ በራሷ ፀጉር ቤት፣ የአንዲት ሙሽራና የስድስት ሚዜዎቿን ፀጉር ስትተኩስ ነበር የዋለችው።

«የት አለች ያቺ የተባረከች?» አክስቷ በሴቶቹ መሃል ሾልካ መጥታ ፍራሹ ላይ ዘፍ አለች። «ተመልከቱልኝ ይህቺን ልጅ! እናቷን በእጇ አጥባ፣ በእጇ ጎንጉና ለጌታዋ ያስረከበች! የኔዎቹ እንኳን ሊያጥቡኝ፣ ስደውልላቸው ቻርጅ አለቀ ነው የሚሉኝ። እናትሽን እንዳጠብሽ አንቺንም የሚያጥብሽ አይጥፋ!»

«አሚን!» አሉ ሴቶቹ።

«አሚን» አለች ሬሐናም።

ይህቺን አሚን ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ስትላት ነው። ያን ማታ ከታክሲ ወርዳ ግቢው በር ላይ እንደደረሰች አንገቷ ላይ ተጠምጥመው ሲመርቋት ምን እንደሚሉ አልገባትም ነበር። ሲገባት አፏ አልከፈት አላት። አርብ ጠዋት እናቷ ልትታጠብ ስትል ደግሞ የጀናዛ አጣቢዋ አዴ ሊቤ እጃቸውን ደረቷ ላይ አድርገው መለሷት።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ የድርሻሽን አድርሰሻል። ውጪ ቆዪ።»

በሩ ተዘጋ። አላጠብኳትም፣ አስገቡኝ ማለት ሁለት ቃል ነበር። ግን አርባ ሴት ያያታል፤ ሬሐና ደግሞ ሰው ፊት ማነስን የማታውቅ ኩሩ ናት። ዝም አለች። እናቷ እንደገና ያለ እሷ ታጠበች።

የዚያን ቀን የዐስር ሶላት ተሰግዶ ሴቶቹ እንደተቀመጡ አንዷ አነጠሰች። ሌላዋ ቀጠለች። ሦስተኛዋ አልሐምዱሊላህ ብላ ሳትጨርስ አራተኛዋ። ወዲያው ክፍሉ ሙሉ ማንጠስ ሆነ፣ ዓይን ሁሉ እንባ። እንዶድ ሲወቀጥ አቧራው አፍንጫ ይቆርጣል፤ መብሩካም በሕይወት ሳለች በዚሁ ሰዓት ነበር አፍንጫዋን በሻሽ አስራ ሙቀጫዋ ላይ የምትቀመጠው።

«ከድሩ ብርድ ልብሷን እያራገፈ ይሆናል» አለች አንዲት ጎረቤት።

ከድሩ መስጂድ ነበር። ሙቀጫው ጓሮ ተደፍቷል። ኤልሳቤት አማተበችና ሴቶቹ ሲያዩዋት እጇን ወደ ፀጉሯ አዞረችው።

ሰው መብሩካን «እንዶዷ» ይላት ነበር። ፍሬውን ከተፍኪ ታስመጣለች፤ ከቀላ አትቀበልም፣ አረንጓዴ ሳለ ተለቅሞ በጥላ የደረቀውን ብቻ። ሌሊት ነክራ ታሳድርና ጠዋት በእጇ ትመታዋለች። ወልዳ ፀጉሯ የሚረግፍባት፣ ኬሚካል ራሷን ያቃጠላት፣ ፊቷ ላይ ሽፍታ የወጣባት፣ ሁሉም እዚህ ግቢ በርጩማ ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል። «ፀጉሩ ሲታጠብ ሰው ሁሉ ሕፃን ነው» ትል ነበር። «አንገቱን ሰጥቶሽ ዓይኑን ይጨፍናል። እንግዲህ አትክጂው።»

ቀልድ የማታውቅበት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሬሐና ሰባት ዓመቷ ላይ አረፋውን በጣቷ ብትልስ መብሩካ በጥፊ አጮለቻት። «እንዶድ ለላይ ነው! ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር የሰው አፍ አይገባም!»

ያቺ ልጅ አድጋ ፀጉር ቤት ከፈተች። ግድግዳው መስታወት፣ መደርደሪያው ጠርሙስ። አንድ ቀን መብሩካ በፌስታል እንዶድ ይዛላት ብትመጣ፣ ደንበኞቿ እየሰሙ «እማ፣ እሱኮ የጋቢ ሳሙና ነው» አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ። መብሩካም አብራ ሳቀች፤ ፌስታሉን ግን ይዛው ተመለሰች።

አምና መብሩካን ስትሮክ ቀኝ ጎኗን መታት። እግሯ ተመለሰ፤ ቀኝ እጇ ግን ከትከሻዋ ላይ እንደ ተሰቀለ ልብስ ቀረ። ከልጇ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ ሐሙስ ሐሙስ፣ ለጁምዓ፣ መጥተሽ እጠቢኝ። ሬሐና ሁለት ወር ሳታጓድል መጣች። ከዚያ በየአሥራ አምስት ቀኑ። ከዚያ ውድ ሻምፖ ገዝታ ላከች። ጠርሙሱ እስካሁን ሳይከፈት መስኮቱ ላይ ነው።

በዚያ ሐሙስ መብሩካ ሦስት ጊዜ ደወለች። በሦስተኛው ተነሳላት።

«እማ፣ ዛሬ ሙሽራ ይዣለሁ። ነገ።»

«ነገ አይሆንም። ዛሬ ነው መታጠብ ያለብኝ።»

«ማን ሊያይሽ ነው? ቀጠሮ አለሽ እንዴ?» ብላ ሬሐና ሳቀች።

 «አለኝ» አለች መብሩካ።

ስልኩን የዘጋችው ሬሐና ናት። ካውያው ግሎ ነበር።

እሑድ፣ የሦስተኛው ቀን ዱዓ ከመደረጉ በፊት፣ አዴ ሊቤ በዓይናቸው ጠርተው ወደ መኝታ ቤቱ አስገቧት። በሩን ዘጉ። ሳፋው አሁንም እዚያው ነው፤ አረፋው አሁንም እንደቆመ።

«ሬሐና፣ ሰላሳ ዓመት ጀናዛ አጥቤያለሁ። ሃያውን ከእናትሽ ጋር ነው፤ እኔ ገላውን፣ እሷ ፀጉሩን። የሞተች ሴት ፀጉር ሦስት ቦታ እንደሚጎነጎን ያስተማረችሽ እሷ ናት?»

«እኔን? ምንም አላስተማረችኝም።»

«ታዲያ በሕይወት ያለችን ሰው እንደ ጀናዛ ሦስት ቦታ ጎንጉነሽ ለምን አስተኛሻት?»

 አዴ ሊቤ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አጣቢ ያየውን ይሸፍናል። ሕጋችን ነው፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ አልናገርምም። ግን እኔም ሰው ነኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ከንፈሯ ተልጧል። ምላሷ ነጭ ሆኖ አብጧል። እንዶድ አፏ ውስጥ ገብቷል፣ ኢንታላ ኮ። ምን አጠጣሻት?»

ሽ… አለ አረፋው ከጥጉ።

ያን ጊዜ ገባት። ሦስት ቀን ሙሉ የተመረቀችው እጅ የእሷ ከሆነች፣ የመረዘችውም ያቺው እጅ ናት። አንዱን ወስዳ ሌላውን መመለስ አትችልም።

«አልመጣሁም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሐሙስ አልመጣሁም፣ አዴ ሊቤ። ጠራችኝ፤ ሱሉልታ ነበርኩ። አላጠብኳትም፣ አልጎነጎንኳትም። የዚያን ቀን ሙሽራዬን ይጠይቋት፣ ሙሉ ቀን እጄ ላይ ነበረች።»

«ያ አላህ! ጉንጉኑን በዚህ እጄ ነክቼዋለሁ እኮ! ልፈታው ስል እጄ እምቢ ቢለኝ ውሃ ብቻ አፍስሼበት ነው የቀበርናት። ማን ሠራው ታዲያ?» አዴ ሊቤ ወደ ሳፋው ዞሩ። ከንፈራቸው ቁርኣን መቅራት ጀመረ።

ሬሐናም ሳፋውን ለመጀመሪያ ጊዜ አተኩራ አየችው። ዙሪያውን ሲሚንቶው ላይ ዱቄት ተበትኗል። የእንዶዱ ጣሳ ባዶውን ተጋድሟል። እናቷ ለአንድ ራስ የምትጨምረው አንድ ጭብጥ ነበር፤ እዚህ ሳፋ ውስጥ የወር እንዶድ ተገልብጧል። መመጠን የማይችል እጅ ነው የገለበጠው። ግራ እጅ።

«ጫፉ እንዴት ነበር? የጉንጉኑ ጫፍ?»

«ጫፉማ…» አዴ ሊቤ አመነቱ። «የታኘከ ይመስል ነበር።»

ሬሐና ሂጃቧን አወለቀች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን፣ እንዳይረዳት፣ ከጭኗ ሥር ከተተችው። ፀጉሯን በግራዋ ወደ ፊት አምጥታ ለሦስት ከፈለች። አንዱን ዘለላ በጥርሷ ነከሰች፤ ሁለቱን በጣቶቿ አሳለፈች። ለቀቀች፤ ሌላውን ነከሰች። ቀኟ እየሰረቀ ሊወጣ ቢሞክር ጠበቅ አድርጋ ተቀመጠችበት። ምራቋ አገጯ ላይ ወረደ። አንዱን ሳትጨርስ መንጋጋዋ ዛለ። የእሷ ደረቅ ፀጉር ነው። የእናቷ በእንዶድ የራሰ ነበር፤ ሦስቱንም፣ ከንፈሯ እየተላጠ፣ ቀጠሮዋ እስኪደርስ ጎንጉናቸዋለች።

አዴ ሊቤ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። «በጥርሷ» አሉ። «መብሩካ! በጥርሷ!»

 አሮጊቷ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው «ይሄንንም እሸፍነዋለሁ» አሉ። «የምንሸፍነው የሞተን ብቻ አይደለም። አሚን በይና ይለፍ።»

«ሬሐና!» አለች አክስቷ ከሳሎን። «ዱዓው ሊጀመር ነው! ያለ አንቺ እንዴት ይሆናል?»

ሬሐና ሂጃቧን ሳትለብስ፣ በግማሽ የቀረው ጉንጉን ደረቷ ላይ እንደወደቀ፣ ወጥታ በሴቶቹ መሃል ተቀመጠች። ቀኝ እጇን መልሳ ከጭኗ ሥር አስገባች።

«እናቷን እንዳጠበች…» ብላ ጀመረች አክስቷ።

«አላጠብኳትም።»

አሚን ለማለት የተከፈቱ አፎች እንደተከፈቱ ቀሩ።

«ሐሙስ ጠራችኝ፣ አልመጣሁም። በአንድ እጇ ራሷ ታጠበች። በጥርሷ ራሷ ተጎነጎነች።»

ኤልሳቤት አፏን በመዳፏ ያዘች። አክስቷ ሬሐናን ከጉንጉኑ እስከ እግሯ አየቻት።

«ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ የማንን አሚን ነው ስትዪ የከረምሽው?»

«የሰረቅኩትን።»

ከግድግዳው ማዶ፣ ከወንዶቹ ድንኳን፣ የሼኩ ድምፅ ዱዓውን ጀመረ። ሴቶቹ ምን እንደሚሆኑ ስላልገባቸው መዳፋቸውን አነሱ። ከጎኗ የተቀመጠችው ሴት ክንዷን ነካ አደረገቻትና «ሁለቱንም አንሺ እንጂ» አለቻት በሹክሹክታ።

ሬሐና ደንዝዞ የማይሰማትን ቀኝ እጇን እንደተጫነችው፣ ግራዋን ብቻ ከፍ አድርጋ ዘረጋች።