ለዋንጫ የመጣው ሌላው አውቶቡስ

በዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች እግር ኳስ ውድድር ለዋንጫ የደረሰው ተጋጣሚ ቡድን ራሳቸው ነበሩ።

ይህን መጀመሪያ ያየችው በረኛዋ ትርሲት ናት። ቡድኑ ሐዋሳ ከገባ ሰንብቷል። ግማሽ ፍጻሜውን አሸንፎ፣ የዋንጫው ቀን ከምሳ በኋላ ሜዳ ደርሶ ታኬታ እያሰረ ነበር። ትርሲት ጓንቷን ልታረጥብ ወደ ቧንቧው ስትሄድ አንድ አውቶቡስ በበሩ ገባ። የራሳቸው አውቶቡስ ዛፍ ሥር ቆሟል። የገባውም የራሳቸው አውቶቡስ ነው፤ የፊት መስታወቱ ስንጥቅ እንኳ አልጎደለም። በሩ ሲከፈት አምበሏ ፎዚያ ወረደች። ፎዚያ ግን እዚያው ከትርሲት ኋላ ሣር ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን እያስያዘች ነበር።

የሌላኛው ምድብ ጨዋታዎች ከከተማው ማዶ ባለ ሜዳ ይካሄዱ ስለነበር ሁለቱ ቡድኖች እስከዚያን ቀን አልተያዩም። የጨዋታው ኮሚሽነር አቶ ወንድይፍራው የሁሉንም መታወቂያ ተቀብለው እያገላበጡ ተመለከቱ።

«የሁለቱም ትክክል ነው» አሉ። «አንድ ዩኒቨርሲቲ ከራሱ ጋር ለዋንጫ አይጫወትም የሚል ደንብ የለም።»

እሳቸውን ያሳሰባቸው የማሊያው ጉዳይ ነበር። ሁለቱም አረንጓዴ ለብሰዋል። ሳንቲም ተጣለና ኋላ የመጡት ነጭ ሰደርያ እንዲደርቡ ተወሰነ። አሰልጣኝ ብዙአየሁና አሰልጣኝ ብዙአየሁ ተሳሳሙ።

«ከስተሃል» አለ አንደኛው።

«ሲጋራ ጀምሬ ነው። አንተስ?»

«እኔም ከአደጋው ወዲህ ነው የጀመርኩት።»

ክብሪት ተሰጣጡና ወደየልጆቻቸው ሄዱ።

ትርሲት ነጭ ሰደርያ ከሚደርቡት መካከል ራሷን ፈለገች፤ አላገኘችም። የበረኛ ጓንት ያጠለቀችው በፀሎት ነበረች። በፀሎት እዚህ ተጠባባቂ በረኛ ናት፤ በዚያች ሰዓት ወንበር ላይ ተቀምጣ ብርቱካን እየላጠች ራሷን ታያለች። ከዚያ የመጨረሻዋ ልጅ ከአውቶቡሱ ወረደች። ምንታምር ነበረች።

ምንታምር የቡድኑ አጥቂ ነበረች፤ ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው። ከትርሲት ጋር ከግቢ ወደ ከተማ ሲወርዱ ዝናብ ያጠበው መንገድ ላይ ባጃጁ በግራ ጎኑ ተገለበጠ። ትርሲት ክርኗ ተላጠ እንጂ ሌላ የደረሰባት ነገር የለም። ለቀብሩ ቡድኑ ማሊያውን ለብሶ ነው የወጣው። አፈር ሲመለስ ትርሲት ከፊት ቆማ አይታለች።

ምንታምር ቀጥ ብላ ወደ ቧንቧው መጣች። ከቅርብ ሆና አየቻት።

«ወፍረሻል» አለቻት።

«አንቺ ሞተሻል» አለች ትርሲት።

«የሞትሽውስ አንቺ ነሽ።» ምንታምር ይህን ያለችው በቁጣ አይደለም። የተሳሳተ ስልክ ቁጥር እንደሚያርም ሰው ነው።

ትርሲት ቧንቧውን ዘጋች። «ባጃጁ ላይ በግራ በኩል የተቀመጠው ማን ነበር?»

«አንቺ። ነፋስ ይምታኝ ብለሽ ቦታ ቀየርሽኝ።»

«እኛ ጋ ለምኜሽ እምቢ አልሽ።»

ምንታምር ጥቂት አሰበች። «ልል እችላለሁ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ እንዴት ናት?» ስትል ጠየቀች።

«አሁን አሁን እህል መቅመስ ጀምራለች። እሁድ እሁድ እሄድላታለሁ።»

«የአንቺም እናት ደህና ናት። ስሄድ አልጋሽ ላይ ነው የምታስተኛኝ።»

ዳኛዋ ፊሽካ ነፋች። ሁለቱም ወደ ሜዳ ገቡ።

ጨዋታው ለተመልካች የሚመች አልነበረም። ፎዚያ ፎዚያን ያዘች። አንዷ ወደ ቀኝ ለማታለል ስታስብ ሌላዋ ቀድማ እዚያ ትቆማለች። ረጅም ኳስ የሚላክበትን ቦታ ሁሉም ያውቁታል። ሁለቱ የመሀል ተጫዋቾች ኳሱን ተከትለው ጎን ለጎን ሲሮጡ ትንፋሻቸው እንኳ እኩል ነበር። ከአፋፉ የተቀመጡት ተማሪዎች የትኛውን መደገፍ እንዳለባቸው ስላልታወቃቸው ማንም ኳስ ባገኘ ቁጥር ያጨበጭባሉ። አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም የሐይቅ ወፎች ከጎሉ ኋላ ክንፋቸውን አጥፈው እንደ ሽማግሌ ቆመዋል።

ከሁለቱ ቡድኖች አምሳያ የሌላቸው ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ። አንዷ ጎል ላይ ቆማለች፤ ሌላዋ ጎል ልታገባባት ትመጣለች።

ምንታምር ኳስ ስትይዝ የአረንጓዴዎቹ ተከላካዮች መንገድ ይለቁላታል። ፈርተው አይደለም፤ ሬሳ ሲያልፍ ገለል እንደሚባለው ነው። ትርሲት ሦስቴ ከእግሯ ሥር ተወርውራ ኳሱን ነጠቀች። በሦስተኛው ጉልበታቸው ተጋጨና «ይቅርታ» ተባባሉ።

እረፍት ላይ አሰልጣኝ ብዙአየሁ ልጆቹን ሰበሰበ።

«ምንታምርን ያዟት» አለ።

«እንዴት አድርገን እንያዛት፣ ኮች?» አለች ተከላካይዋ ዘነቡ። «ቀብረናት።»

«ሜዳ ላይ ናት። ሜዳ ላይ ያለ ሰው ይያዛል።»

ዘነቡ ነገሩን ተቀበለች። ትርሲት ግን ጓንቷን አውልቃ መዳፏን ስታሽ ቆየች። ምንታምር ብታገባባትስ? ዓመቱን ሙሉ አልጋዋ ላይ ጋደም ባለች ቁጥር ያቺን ባጃጅ መልሳ ስትሳፈር፣ የግራውን ወንበር ቀድማ ስትይዝ ኖራለች። የሚመልሰው ነገር እንደሌለ ታውቃለች። አንድ ጎል ግን መስጠት ትችላለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ምንታምር ሳጥን ውስጥ ገባች። ዘነቡ የታዘዘችውን አደረገች፤ ከኋላ ጠለፈቻት። ዳኛዋ ወደ ነጥቡ አመለከተች። ፍፁም ቅጣት ምት ነው። ዘነቡ እጇን ዘርግታ ምንታምርን አነሳቻት፤ ከዚያ እጇን እያየች ወደ ትርሲት መጣች።

«ትሞቃለች» አለቻት።

«አውቃለሁ» አለች ትርሲት።

ምንታምር ኳሱን አስቀመጠች፤ ደግማ አነሳችና የተነቀለውን ሣር በታኬታዋ አስተካክላ መልሳ አስቀመጠች። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገው። ልምምድ ላይ ሁልጊዜ በትርሲት ቀኝ በኩል ትመታለች፤ ትርሲትም በዚያ እንደምትመታ እያወቀች አትደርስበትም ነበር።

«ትርስዬ» አለች ምንታምር።

«እ?»

«እንዳታዝኚልኝ።»

ትርሲት ከዚያች ሰዓት በፊት ወደ ግራ ለመውደቅ ወስና ነበር። ምንታምር ዓይኗን ከዓይኗ ሳትነቅል አየቻት። ጓደኛዋ ውሸት ስትናገር እንደምታያት ነው ያየቻት። ትርሲት ተናደደች፤ ከቀብሩ ወዲህ እንዲያ ተናዳ አታውቅም።

ኳሱ ወደ ቀኝ መጣ። ትርሲትም ወደ ቀኝ ተወረወረች። በጣቶቿ ጫፍ አገኘችው፤ ኳሱ ብረቱን ነካና ደረቷ ላይ ወደቀ። ሳትነሳ ልትቆይ ትችል ነበር። ተነሥታ ሩቅ ወረወረችው፤ ፎዚያ ከፎዚያ ቀድማ አገኘችው፤ በምንታምር ቦታ የምትሰለፈው ሊዲያ ብቻዋን ደረሰችና በረኛዋ በፀሎት ላይ አገባች።

ዳኛዋ የመጨረሻውን ፊሽካ ስትነፋ ተጠባባቂዋ በፀሎት ከወንበሯ ተነሥታ ሄደች፤ ጎሉ ሥር የተቀመጠችውን በፀሎትን አቅፋ ብርቱካኗን አካፈለቻት።

አቶ ወንድይፍራው ዋንጫውን ለፎዚያ ሰጡ። ተሳስተው ለሌላዋ ዘርግተው ነበር፤ እሷ ግን ሰደርያዋን አሳየቻቸው። ፎቶ ተነሡ። የቡድኑ ዘፈንም ተዘፈነ፤ ሁለቱም ቡድኖች ዜማውን ስለሚያውቁት አብረው ዘፈኑት።

ትርሲት ምንታምርን ከአውቶቡሶቹ መካከል አገኘቻት። ሰደርያውን አውልቃ ፊቷን እየጠረገችበት ነበር።

«ብትለቂልኝ ኖሮ ዳግመኛ አላናግርሽም ነበር» አለች ምንታምር።

«ለቅቄልሽ ነበር እኮ። አስተያየትሽ አበላሸው።»

ምንታምር ሳቀች። ትርሲት ያንን ሳቅ ረስታው ነበር፤ ከአፍንጫ ነው የሚጀምረው። እጇን ያዘቻት።

«ከእኛ ጋር ነይ» አለች። «ማንም ምንም አይልም። መታወቂያሽ ትክክል ነው ተብሏል።»

«ነይ አንቺ ከእኛ ጋር።»

«እናትሽ አንቺን ብታይ…» አለች ትርሲት።

ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። የሌላኛው አውቶቡስ ሹፌርም በዚያው ቅጽበት ነፋ።

«እዚህ ያለችው ቀብራኛለች» አለች ምንታምር። «እዚያ ያለችው ገና ናት። ማታ እራት አቅርባ ትጠብቀኛለች።»

የትርሲትም እናት እራት ይዛ ትጠብቃለች። ተቃቀፉ። የምንታምር አንገት በላብ ርሷል፤ ልቧ ከሩጫው ገና አልረጋም። ትርሲት እስኪረጋ ድረስ አልለቀቀቻትም። ከዚያ አንዷ ወደዚህ፣ አንዷ ወደዚያ ሄዱ።

አውቶቡሱ ከከተማ ሲወጣ ልጆቹ ዋንጫውን እየተቀባበሉ ውሃ ጠጡበት። ትርሲት አልተቀበለችም። አሰልጣኙ ዞር ብሎ አያትና መስኮቷን ከፈተላት። ፀሐይዋ ገና አልወረደችም፤ መንገዱ ለጥቂት ጊዜ ሐይቁን ተጠግቶ ይሄዳል። ትርሲት ወደ ውሃው ተመለከተች። የአውቶቡሱ መልክ ውሃው ላይ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ጎማው፣ ጣራው ላይ የታሰረው ሻንጣ፣ በየመስኮቱ ያለው ሰው። አውቶቡሱ ወደ ሰሜን ይሄድ ነበር። ውሃው ላይ ያለው ወደ ደቡብ ይሄዳል።

መንገዱ ታጠፈና ሐይቁን ከኋላ ተወው። ትርሲት አንገቷን አውጥታ አየች። መልኩ ውሃው ላይ ቀርቶ መንገዱን ቀጥሏል። አንድ ዓሣ አስጋሪ ከጀልባው ብድግ ብሎ መረቡን ሰበሰበና አውቶቡሱን አሳለፈው።