ጠብታው ውስጥ የገቡት አማት

የጥርስ ሐኪሙ ቀኑን ሙሉ ሰውን «አፍዎን ይክፈቱ» ሲል ይውልና ቤቱ ሲገባ «አፋችሁን ዝጉ» ይላል። ክፋት ኖሮበት አይደለም። የምግብ ጠረጴዛው ላይ አንዲት የሣር ሰበዝ በመቆንጠጫ ተይዛ ቆማለች። ጫፏ ላይ የውሃ ጠብታ ተንጠልጥላለች። ከጠብታዋ ኋላ ቢጫ አበባ፣ ከፊቷ ደግሞ ጥቃቅን ነገር የሚያጎላ ሌንስ የተገጠመለት ካሜራ አፍጦ ተቀምጧል። ሐኪሙ የሚፈልገው አበባው ጠብታዋ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ሲታይ ማንሳት ነው። ጠብታዋ የምትፈልገው መውደቅ ነው። ሰው ሲያወራ ትወድቃለች፤ በር ሲዘጋ ትወድቃለች፤ ጎረቤት ደረጃ ሲወጣ እንኳ ትወድቃለች።

ሚስቱ መምህርት ናት፤ ብዙ ታግሣዋለች። ራቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ መብላትም ለምዳለች። ጉዱ የመጣው እናቷ የቤታቸው ጣሪያ እስኪጠገን ድረስ እነሱ ጋ ሊሰነብቱ የመጡ ዕለት ነው።

አማትየው ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ጠረጴዛው ላይ ዓይናቸው አረፈ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የውሃ ጠብታ ነው፣ እማማ» አለ ሐኪሙ ትንፋሹን ቆጥቦ።

«ቧንቧው ያፈሳል እንዴ?»

«አይ፣ እኔ ነኝ ያንጠለጠልኳት።»

አማትየው ዞረው ልጃቸውን አዩ። ልጃቸው ኮርኒሱን አየች።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ሰላም አጣ። አማትየው ሲያስነጥሱ ግድግዳ የሚነቀንቁ ሴት ናቸው። እሳቸው አስነጥሰው «ይማርዎ» እስኪባሉ ድረስ ጠብታዋ መሬት ደርሳለች። ይባስ ብሎ ሐኪሙ ጠብታዋ ወፈር ብላ እንድትቆይለት ከውሃው ጋር የሚቀላቅለው የግሊሰሪን ጠርሙስ ከመደርደሪያው ጠፋ።

«እማማ፣ እዚህ የነበረ ግሊሰሪን አይተዋል?»

«አይቼዋለሁ፣ ተባረክ ልጄ። ተረከዜ እንዴት እንደለሰለሰ አልነግርህም።»

ሐኪሙ ሌላ ጠርሙስ ገዛና ጫማው ውስጥ ደበቀው። ከዚያም እሑድ ጠዋት ሁሉም ተኝቶ ሳለ በዳበሳ ተነሣ። ስሪንጁን እንደ ማደንዘዣ መርፌ ቀስ አድርጎ ይዞ ሰበዟ ጫፍ ላይ ጠብታዋን አንጠለጠለ። ጠብታዋ ትንሽ ተወዛውዛ ረጋች። ዓይኑን ካሜራው ላይ ሲለጥፍ ምስር የምታክል ዓለም ውስጥ አበባው ከነቅጠሎቹ ተዘቅዝቆ ቁጭ ብሏል። አጠገቡ ደግሞ ሐምራዊ ነገር ብቅ አለች። ሁለተኛ አበባ። ሚስቱ ማስቀመጫው ላይ አዲስ አበባ ሰክታ ይሆናል ብሎ አሰበና ነገሩን ሳያጣራ ተኮሰ። ወዲያው ጠብታዋ ወደቀች። ትውደቅ፤ ሥራው አልቋል።

ፎቶውን ለሚያዘወትረው የፎቶ አንሺዎች ማኅበር ላከው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሁሉን ነገር ማግዘፍ የሚወድ አንድ ፋርማሲስት ነው። በማግስቱ ደውሎ ዓመታዊው ዐውደ ርእይ ላይ ዋናው ፎቶ እሱ እንደሚሆን፣ በር አክሎ እንደሚታተም ነገረውና ርእሱን ጠየቀው።

«‹ሁለት አበቦች› በለው» አለ ሐኪሙ።

የመክፈቻው ዕለት ሦስቱም ለባብሰው ሄዱ። አዳራሹ ሞልቷል። ሐኪሙ ከሩቅ አየው፤ ቢጫው አበባ እንደ ፀሐይ ያበራል። ሐምራዊዋ ግን ጠጋ ሲሉ እጅጌ አላት። ትንሽ ሲጠጉ ፎጣ የተጠመጠመበት ጭንቅላት ወደ ታች ተዘቅዝቋል። አፉ በሰፊው ተከፍቷል። በላይኛው ረድፍ ጥግ ላይ ደግሞ አንዲት ጥርስ ታበራለች። ያቺን ጥርስ ያውቃታል፤ ሠርቶ የተከላት ራሱ ነው። ለአፍታ በእጁ ሥራ ኮራ። ከዚያ የማን አፍ እንደሆነ ገባው።

ለካ አማትየው ያን ጠዋት ውሃ ጠምቷቸው ተነሥተው፣ እያዛጉ ከአበባው ኋላ ባለው በር አልፈው ኖሯል።

ሐኪሙ ሮጦ ፎቶው ፊት ቆመ። በር የሚያህል ነገር ግን በአንድ ሰው ጀርባ አይሸፈንም።

«እማማ፣ ጭማቂው እዚያ ጋ ነው።»

«ያንተን ሳላይ ምን አስቸኮለኝ? ዞር በል እስቲ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ቀጥ ብለው አዩ። ከዚያ አንገታቸውን አዘንብለው፣ ወገባቸውን እስኪያማቸው ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይቺ ሴትዮ» አሉ በመጨረሻ፣ «ቢጃማዬን ለብሳለች።»

ሚስትየው አፏን ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች። አማትየው ከሥር የተለጠፈውን ርእስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ።

«አንደኛው አበባ ይሄ ቢጫው ነው።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ሁለተኛውስ?»

ሐኪሙ መርፌ ይዞ «ምንም አያምም» ማለት የለመደ ሰው ነው።

«ሁለተኛዋማ እርስዎ ነዎት» አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ንዴት አማትየው ፊት ላይ ወጣ፣ ቆመ፣ ከዚያ መንገድ እንደጠፋው ሰው ተመልሶ ወረደ። ይሄኔ ሊቀመንበሩ ደረሰ።

«ሰው ሁሉ እኮ ሴትዮዋ ማን ናት እያለ ነው። እየጮኸች ነው ይላል አንዱ፤ ሌላው እያለቀሰች ነው ይላል።»

«እኔ ነኝ» አሉ አማትየው ነጠላቸውን አስተካክለው። «እየዘመርኩ ነው።»

ያን ቀን ጭማቂውን የጠጡት ፎቶው ሥር ቆመው ነው። ለጠየቃቸው ሁሉ አማቻቸው እንዴት እንደለመናቸው፣ እሳቸውም እንዴት እንዳንገራገሩ አስረዱ። ሐኪሙ አጠገባቸው ቆሞ ራሱን በመነቅነቅ መሰከረ። ሚስቱ ቤት እስኪገቡ ድረስ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም፤ ስታየው ሳቋ ያመልጣታል።

ጣሪያው ተጠግኖ ካለቀ ሰንብቷል። አማትየው ግን የመሄዱን ነገር አያነሡም። እሑድ እሑድ ከሐኪሙ ቀድመው ይነሣሉ፤ ጸጉራቸውን ተሠርተው፣ የክት ቀሚሳቸውን ለብሰው ከአበባው ኋላ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ማስነጠሳቸውንም እንዴት አድርገው እንደሚውጡት እሳቸው ያውቃሉ። ትንፋሽ ይዞ በመቆየት ግን የሚስተካከላቸው አልተገኘም።

«እማማ» አለ ሐኪሙ ባለፈው እሑድ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሣ፣ «ትንሽ ወደ ግራ ይበሉልኝ፤ አበባውን ጋርደውታል።»

«አበባውን ወደ ቀኝ አድርገው» አሉ፣ ከንፈራቸውን እንኳ ሳያንቀሳቅሱ።