የአብዱሰመድ ሐዲድ

አብዱሰመድ ሃያ ስድስት ዓመት በድሬዳዋ ምድር ባቡር ሐዲድ ሲያነጥፍ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ አገሩ ቆቦ ገባ። ቆቦ ደግሞ ባቡር አይታ አታውቅም። ብረት በብረት ላይ ይሄዳል ባለ ቁጥር የሰፈሩ ሰው በሳቅ ይፈርስበታል፤ እሱም እልህ ተጋባ። ጓሮው ውስጥ፣ ከቁልቋሉ አጥር ሥር፣ ትንሽ ባቡር ሠርቶ ሊያሳያቸው ተነሣ።

ዋዛ ሥራ እንዳይመስላችሁ። ጠጠር ለቅሞ አነጠፈ፣ እንጨት በየስንዝሩ አጋደመ፣ የአጥር ሽቦ እያቃና ቸነከረበት። ሁለቱ ሽቦዎች እንዳይጠባበቡ በአንዲት ቀጭን እንጨት እየለካ፣ ብረት በፀሐይ ይረዝማል ብሎ በየመጋጠሚያው ክፍተት እየተወ ነበር የሚሠራው። ባቡሩን ከዘይት ቆርቆሮ፣ እግሩን ከቆርኪ አበጀው።

ዘመኑ ግን ስልሳ ስድስት ነው። ኅዳር ሲገባ የቆላው ማሽላ እንደቆመ ደርቋል፣ ከብቱ አልቋል፣ ሰው ከየመንደሩ እየወጣ አውራ ጎዳናውን ይዞ ይጎተታል። ሚስቱ መይሙና አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ «ሰው እንዲህ እየረገፈ አንቱ በቆርቆሮ ይጫወታሉ?» አለችው። አፍሯል፤ ግን እጁ ሥራ ከፈታ ዓይኑ ወደ መንገዱ ይሄድበታል፣ ያንን ደግሞ አይችለውም።

ሲቲና ባሏ አራጌ ከዋጃ በታች ካለ መንደር መጥተው አጥሩ ሥር ያረፉት በዚያው ሰሞን ነው። ልጆቻቸውን ለአያታቸው ትተው የሚቀመስ ፍለጋ ወጥተዋል። መይሙና ሁለት ቀን ከማሽላ ቂጣዋ ቆርሳ ሰጠቻቸው። በሦስተኛው ቀን ሌማቱ ባዶ ሆነ። ደጅ የመጣን ሰው ባዶውን መሸኘት በዚያ አገር ነውር ነው፤ የሚሰጡት ቢያጡ እንኳ መልካም ቃል ያስይዙታል። አብዱሰመድ እጁን አጣጥፎ እንደቆመ ሲቲ ወደ ሐዲዱ እያየች «ይኼ ምንድር ነው?» አለችው።

«የባቡር መንገድ ነው» አላት። የጉንጯን አጥንት ሲያይ አላስቻለውም። «መንግሥት እህል በባቡር ሊያመጣ ነው። ይኼው ልኩን እየሠራሁ ነው። አይዟችሁ፣ ቀኑ ቀርቧል።»

ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ቂጣ ቢያጣ ቃል መስጠቱ ነው። አራጌ ጉልበቱን ሊስም ሲጎነበስ ግን አብዱሰመድ አፍሮ ወደ ቤት ገባ፤ ከዚያ ወዲያም ወደ አጥሩ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ቀን የጭነት መኪና ነጂው ፈንታው መጣና ወልድያ እህል የሚታደልበት መጠለያ መከፈቱን ተናገረ። መኪናው ባዶ ነበር፤ የቻለ ይውጣ፣ እስከ ሳምንት አልመለስም አለ። አውራ ጎዳናው ዳር ያረፈው ሁሉ እየተደጋገፈ ወጣ። ሲቲ ብቻ ከሐዲዱ አጠገብ ንቅንቅ አልል አለች።

«ተነሺ እንጂ ልጄ» አላት አብዱሰመድ።

«ባቡሩንስ? ቀርቧል ያሉን አንቱ አይደሉም?»

ፈንታው ክላክሱን ነፋ። አብዱሰመድ ሌላ ማባበያ ቢፈልግ አጣ፤ ጎንበስ ብሎ ሽቦውን ከነምስማሩ ነቀለው፣ ቆርቆሮውን በእግሩ ጨፈለቀው።

«ባቡር የለም። መጫወቻ ነው። የምሰጣችሁ ባጣ ዋሸኋችሁ፣ ይቅር በይኝ። ባልሽን ጥሪውና ውጡ።»

ሲቲ የተነቀለውን ሽቦ አየች። «አራጌማ ባቡሩን የነገሩን ዕለት ወደ መንደር ተመለሰ» አለች። «ልጆቹን ይዤ፣ ለመንደሩም ነግሬ እመጣለሁ ብሎ።»

መኪናው ሄደ። አብዱሰመድ ሲቲን ለመይሙና አደራ ብሎ በዋጃ መንገድ ወጣ፤ አራጌን ከመንደሩ ሳይነሣ ልድረስበት ብሎ ነበር። ከከተማው ጫፍ ብዙም ሳይርቅ አቧራ አየ። ሰዎች ናቸው፤ አሮጊት ያዘሉ፣ ሕፃን ያቀፉ፣ እየወደቁ የሚነሡ፣ አንድ መንደር ሙሉ ሰው። ከፊት የሚመጣው አራጌ ነበር፣ ልጅ ተሸክሟል። አብዱሰመድን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ባቡሩ አልሄደብንም አይደል?» አለው።