እንግዳ «ጠግቤአለሁ» ሲል

መሪጌታ ዘመነ በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀበቷቸውን ሁለት ጊዜ በምስማር በሱት። ከቤቱ ሰው ይህን ያስተዋለች የዐሥራ ሁለት ዓመቷ ታላቅ ልጃቸው ሕሊና ብቻ ናት። እናቷ ወይዘሮ ሥራነሽ አራስ እኅታቸውን ሊጠብቁ ወደ አማኑኤል ከተማ ከሄዱ ወዲህ ወጥ የሚሠሩት አባቷ ነበሩ። በማኅሌት ጊዜ ድምፃቸው ከደብረ ወርቅ ወዲህ ወደር የለውም የሚባልላቸው መሪጌታ ከድስት ጋር ግን ስምምነት አልነበራቸውም፤ ሽሯቸው አንድ ቀን እንደ ጠበል ይቀጥናል፣ በማግሥቱ እንደ ጭቃ ይጓጉላል። ይህስ ባልከፋ። ሕሊናን ያንገበገባት ሌላ ነው። ጥቂት መልካም ነገር በተገኘ ቁጥር፣ እንቁላልም ይሁን አይብ፣ አባቷ ለሦስቱ ልጆቻቸው አካፍለው ሲያበቁ እጃቸውን ይታጠቡና «እኔስ ጠግቤአለሁ» ይላሉ። ሰው ባልበላው ይጠግባልን? ቀበቶው ግን አይዋሽም።

እንዲህ ሳሉ ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። የመሪጌታ የክርስትና ስማቸው ገብረ ሚካኤል ነውና ቀኑ የእርሳቸው ቀን ነው። በዚያ ዓመት ሐሙስ ዋለ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል። እንግዲህ ዶሮ ወጥ ወይ ዛሬ፣ ወይ ለገና ነው። ከቅዳሴ መልስ አባቷ በዚያው ወደ ማኅበር ቤት ሲያልፉ፣ ሕሊና ወንድሟን መሳፍንትንና ታናሽ እኅቷን ወንጌላዊትን ማድቤት ሰብስባ ዐዋጅ አወጀች።

«ዛሬ ለአባባ ዶሮ ወጥ እንሠራለን። ፈረሰኛውን እርሳቸው ብቻቸውን ይበሉታል። ቆርሰው ቢሰጡን አንቀበልም፤ ቢያጎርሱን አፋችንን እንገጥማለን! ለማን እንደሆነም ለማንም ላንናገር ቃል እንግባ!»

ፈረሰኛ ከዶሮ ዐሥራ ሁለት ብልቶች መካከል የአባወራው ድርሻ ነው። በመሪጌታ ቤት ግን ያ ብልት በየበዓሉ ከአባወራው ፊት ይቀርብና ወዲያው ለሦስት ተከፍሎ በሦስት ትንንሽ አፎች ያልቃል። ሕሊና አባቷ ፈረሰኛ ሲያኝኩ አይታ አታውቅም።

«እኔም አልጎርስም?» አለች የአምስት ዓመቷ ወንጌላዊት።

«አንቺም።»

«አባባ ቢያለቅሱስ?»

«አያለቅሱም፤ ይበላሉ!»

ቀይ አውራ ዶሮውን ለመያዝ ጓሮውን ሦስት ጊዜ ዞሩት። በመጨረሻ መሳፍንት ከነነጠላው ተወረወረበትና ዶሮና ልጅ ባንድነት ጎመን መደብ ውስጥ ገቡ። ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ጭንቅ የታሰባቸው። ማን ይረደው? ሴት ዶሮ ማረድ የአገሩ ወግ አይደለም። መሳፍንት ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው በመሆኑ ደረቱን ነፋ።

«እኔ ወንድ አይደለሁም እንዴ? አምጪ ቢላዋውን!»

ቢላዋውን ይዞ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለ። ቆም አለና ደገመው። ሦስተኛም አለ።

«እቱ፣ ዶሮው እያየኝ ነው።»

«ፊቱን አዙረዋ!»

«ሲዞርም ያየኛል! በዚያም በኩል ዐይን አለው!»

ቢላዋው ወደ ቦታው ተመለሰ። ጎረቤት ሁሉ በየዝክሩ ተበትኗል። ስለዚህ ሦስቱ ልጆች ዶሮውን ታቅፈው የወንዶች መገኛ ወደ ሆነው ወደ ማኅበር ቤት፣ ወደ አባ አምደሚካኤል ግቢ ወረዱ። የሕሊና አሳብ አንድ ሌላ ሰው በር ላይ ጠርታ፣ አሳርዳ፣ አባቷ ሳያዩ መሮጥ ነበር።

በሩ ላይ የቆሙት ግን ራሳቸው ባለቤቱ ነበሩ፤ አባ አምደሚካኤል ጨዋታ የሚወዱ ሽማግሌ ቄስ ናቸው።

«ምነው ልጆች፣ ዶሮውን ልታስቀድሱት ነው? ቅዳሴው እኮ አልቋል!»

«ልናሳርድ ነው፣ አባ» አለች ሕሊና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እኔ ካህን ነኝ፣ ደም አላፈስም። ዓለምነው ደግሞ ይኸውልሽ» አሉ፣ አጠገባቸው የተቀመጠውን አውራ ጣቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ገበሬ እያሳዩ። «ጤፉን ትቶ ጣቱን አጨደ። ማኅበርተኛው ገና አልተሰበሰበም። የቀሩን አባትሽ ናቸው። መሪጌታ! ብቅ በሉ፣ ሥራ መጥቶልዎታል!»

ሕሊና መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። መሳፍንት ዶሮውን ወደ ጀርባው ሸሸገው፤ ቀዩ ጅራት ግን በትከሻው በኩል ብቅ ብሎ ተወዛወዘ። መሪጌታ ዘመነ ወጡና ጅራቱን አዩት።

«ይህ የእኛ አውራ ዶሮ አይደለምን?»

በበዓል ቀን አባትን መዋሸት አይቻልም፤ እውነቱን መናገርም አይቻልም። ያን ጊዜ ወንጌላዊት ማንም ሳይጠይቃት ጮኸች፦

«ለእንግዳ ነው! የክብር እንግዳ!»

«እንግዳ? ማን ነው እርሱ?»

«ስሙን ላንናገር ቃል ተገባብተናል» አለች ሕሊና፤ ይህስ እውነት ነበር።

የመሪጌታ ፊት በራ። እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ «ደግ አደረጋችሁ። እንግዳን ስሙን የሚጠይቁት ካበሉት በኋላ ነው» አሉ። ዶሮውን ተቀብለው፣ አማትበው፣ ባርከው ዐረዱት። ከዚያም ማስተማር ልማዳቸው ነውና ትምህርቱን ቀጠሉ፦

«ስሙኝ እንግዲህ። ፈረሰኛውን ለእንግዳው አቅርቡ። "ጠግቤአለሁ" ቢላችሁ አትመኑት፤ እንግዳ "ጠግቤአለሁ" ሲል ዐፈረ እንጂ ጠገበ ማለት አይደለም። ቆርሶ ለልጆች ሊያድል ቢሞክርም አትቀበሉት። እንግዳ የቀረበለትን መለሰ ማለት ቤቱን ናቀ ማለት ነው። ቢለምናችሁም ያን ብልት ሳይጨርስ አትልቀቁት!»

ሕሊና ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች።

«እንደዚሁ እናደርጋለን፣ አባባ። የተናገሩትን አይለውጡም?»

«እኔ? ቃሌን?»

አባ አምደሚካኤል ልጅቱን አዩ፤ ዶሮውን አዩ፤ መሪጌታን አዩ። ጢማቸውን ዳበስ አድርገው «እኔም በቃልዎ ምስክር ነኝ፣ መሪጌታ» አሉ። «በዘጠኝ ሰዓት አብሬዎት መጥቼ ማዕዱን እባርካለሁ። ይህንስ እንግዳ ሳላይ አልውልም።»

ልጆቹ ዳገቱን እየሳቁ በሩጫ ወጡት፤ ወንጌላዊት ሁለት ጊዜ ወደቀች፣ ሁለቱንም ጊዜ እየሳቀች ተነሣች።

ሥራው ተከፋፈለ። ሽንኩርት መክተፍ ለመሳፍንት ደረሰው። ዐይኑ ቢያስቸግረው የአባቱን የንባብ መነጽር አጠለቀ፤ ሽንኩርቱ ዱባ አህሎ ታየው፣ ጣቱም ክንድ አከለ። «እቱ፣ ይህን ሁሉ ዱባ ምን እናደርገዋለን?» እያለ፣ እንባው ከመነጽሩ ሥር እየወረደ፣ በዕድሜው ከትፎት የማያውቀውን ያህል ከተፈ። ወንጌላዊት እንቁላል ላጠች፤ ከአምስቱ አንዱ ሲላጥ አነሰ፣ አነሰ፣ ከናካቴው ጠፋ። የት እንደገባ ብትጠየቅ አፏ ስለሞላ መልስ አልሰጠችም።

ሕሊና ዶሮውን በሎሚና በጨው ውኃው እስኪጠራ ደጋግማ አጠበች። እናቷ ስትበልት ስንት በዓል አጠገቧ ተቀምጣ አይታለች! ብልቶቹን ሕፃናት ፊደል በሚቆጥሩበት ዜማ እየጠራች ለየች፤ መሳፍንትም ማማሰያውን እንደ መቋሚያ ይዞ ተቀበላት።

«መላላጫ!»

«ኸረ መላላጫ!»

«ታፋ!»

«ኸረ ታፋ!»

ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ቀስ ብሎ በሰለ፣ በርበሬው ገባ፣ የእናታቸው ንጥር ቅቤ ቀለጠ፣ ሽታው አጥሩን ተሻግሮ ሄደ። ብልቶቹን ወደ ድስቱ ልትጨምር ስትቆጥር ዐሥራ አንድ ሆኑ። ደግማ ቆጠረች፤ ዐሥራ አንድ። የጎደለው ፈረሰኛው ነበር።

«ድመቷ!» አለ መሳፍንት።

ሕሊና ጭልፋውን ጥላ ተነሣች። ሌላው ሁሉ ቀርቶ ያ አንዱ በተገኘ! ድመቷን አልጋ ሥር አገኟት፤ ጢሟን አሸተቱ፣ ንጹሕ ነው። ጓሮውን፣ የጎተራውን ሥር፣ የእንጨቱን ክምር በረበሩ። ወንጌላዊት ግን ማድቤቱ መካከል በተደፋ ጎድጓዳ ሳህን ላይ እንደ ንግሥት ተቀምጣ ትመለከታቸው ነበር።

«አንቺ ደግሞ ተነሥተሽ አትፈልጊም?»

«አልነሣም። "ፈረሰኛውን ከድመት ጠብቂ" ብለሽኛል። እየጠበቅሁ ነው።»

ሳህኑን ገለጡት፤ ፈረሰኛው በትንሽ ጣባ ላይ ተቀምጦ ከሥሩ ተገኘ። ሕሊና እኅቷን ልትቆጣ አፏን ከፍታ ሳለ ሳቅ ቀደማትና ሦስቱም ሆዳቸውን እስኪያማቸው ሳቁ፤ በዚህ መካከል ወጡ ከታች ጥቂት አረረ።

በዘጠኝ ሰዓት መሪጌታ ዘመነ ከአባ አምደሚካኤል ጋር መጡ። በክንዳቸው ሙሉ ከወንዝ ዳር ያጨዱትን ቄጠማ ይዘዋል። ቤቱን ለእንግዳው ጎዘጎዙት፤ መደቡን በነጠላቸው ጫፍ አራገፉ፣ ነጩን የበግ አጎዛ አነጠፉበት፤ ራሳቸው በሩ አጠገብ ካለች ዝቅተኛ ዱካ ላይ ተቀመጡ። ሰፌዱ ቀረበ፣ እንጀራው ተዘረጋ፣ ድስቱ ተከፈተ።

«እንግዳው የታለ?» አሉ።

«መጥቷል» አለች ሕሊና፤ መሳፍንት ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

መሪጌታ ተነሥተው ደጅ ወጡ። ወደ መንገዱ ተመለከቱ፤ አንድ ሰው አህያ እየነዳ ያልፋል። «እርሱ ነው?» ብለው ጠየቁ። ከቤት ውስጥ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ተመለሱና «ወጡ ይቀዘቅዛል፤ መጥቷል ካላችሁ ለምን አታስገቡትም? እንግዳ በደጅ ሲቆም ነውር ነው!» አሉ። አባ አምደሚካኤል ጣሪያውን እያዩ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወንጌላዊት ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም። ብድግ አለች፣ የአባቷን ሌባ ጣት ጨበጠች፣ ወደ መደቡ እየጎተተች ወስዳ በነጩ አጎዛ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ይኸው አስገባነው!»

መሪጌታ አንደኛዋን ልጅ አዩ፣ ሁለተኛውን አዩ። ሕሊና ፈረሰኛውን በጭልፋ አውጥታ ከፊታቸው አኖረች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያሰበችው በዚህ ጊዜ ይቆማል ወይም ይወድቃል።

«እንኳን አደረሰዎ፣ አባባ። ቀኑ የእርስዎ ነው።»

የመሪጌታ እጅ ግን በልማዱ ፈረሰኛውን ከሦስት ሊከፍል ተዘረጋ።

«እናንተ ቅመሱልኝ፤ እኔስ ጠግቤ...»

«ኧኸ!» አሉ አባ አምደሚካኤል፣ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው። «እንግዳ ጠግቤአለሁ ሲል ምን ማለት ነው ብለው ነበር ያስተማሩን?»

«ዐፈረ ማለት ነው!» ሦስቱ ልጆች ባንድ ድምፅ።

«ለልጆች ሊያድል ቢሞክርስ?»

«አትቀበሉት!» አሉና ሦስቱም አፋቸውን በሁለት እጃቸው ከደኑ። ወንጌላዊት ዐይኗንም ጨመረች።

«ይህ በእኔ ላይ የተቈፈረ ጉድጓድ ነው!»

«ራስዎ ቈፈሩት፣ መሪጌታ፤ እኔ አፈሩን ብቻ ነው ያወጣሁት» አሉ ቄሱ። ማዕዱንም ባረኩ።

መሪጌታ ዘመነ ቆርሰው ጎረሱ። ሕሊና አገጫቸው ሲንቀሳቀስ ተመለከተች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ወጡ የማረር ሽታ ነበረው፤ ጨውም በዝቶበታል፣ እርሷም መሳፍንትም በየፊናቸው ጨምረዋልና። ሆኖም አገጫቸው አልቆመም፤ ደግመው ጎረሱ፣ ሠለሱ፣ አጥንቱን አነሡ፣ እንደ ልጅ ጋጡት። ላባቸውን በነጠላ ጠረጉ። ዐይናቸውንም ጠረጉ፤ በርበሬው ነው አሉ፤ ማንም አልተከራከራቸውም።

ነጭ አጥንቱን ከሰፌዱ ጠርዝ ሲያስቀምጡ፣ ልጆቹ ያችን የተለመደች ቃል ጠበቁ። መሪጌታ ቀበቷቸውን አንድ ቀዳዳ አላሉና በመደቡ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ፤ ዙሪያቸውንም እንደ ተቆጣ ሰው ቃኙ።

«ለመሆኑ» አሉ፣ «የዚህ ቤት ሰዎች እንግዳ ፊቱ ባዶ ሲሆን ዝም ብለው ያያሉ? አንድም የሚጨምር የለም?»

ሕሊና ጭልፋውን ይዛ ወደ ድስቱ ሮጠች።